ስሰጠው የኖርኩት መድኃኒት ለራሴ ሲታዘዝ፦ ኬታሚን፣ ድብርትና የሳይኬዴሊክ ሕክምና

ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ከሁለት ወገን አውቀዋለሁ። በኢትዮጵያ በአንድ የዞን ሆስፒታል የአንስቴዥያ ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ለሌሎች ሰጥቼዋለሁ። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ፣ በኮሎራዶ ግዛት ኦሮራ ከተማ እየኖርኩ፣ አልለቅ ላለኝ ድብርት ለራሴ ታዘዘልኝ። ይህን የሰሙ ሰዎች አሁንም ይደውሉልኛል። እናቶች ስለ ልጆቻቸው፣ የታክሲ ሹፌሮች ስለ ራሳቸው ይጠይቁኛል፤ ስማቸውን ሳይነግሩኝ ጠይቀው ስልኩን የሚዘጉም አሉ። ጥያቄው በኬታሚን አያበቃም፤ ሳይኬዴሊክ የሚባሉት ማስተዋልን የሚለውጡ ነገሮች፣ እንጉዳዩም፣ ኤልኤስዲውም፣ በየኢንተርኔቱ የሚወራው ሁሉ ይነሳል። በስልክ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በሥራዬ ያየሁትን፣ በራሴ ላይ የደረሰውንና ሳነብ ያገኘሁትን ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአገራችንን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች የሚያውቅ ሰው ኬታሚንን ያውቃል። መብራት ሲጠፋ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ፣ የማደንዘዣው ማሽን ሲበላሽ የሚቀረን እሱ ነበር። አብዛኞቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽ ያዳክማሉ፣ የደም ግፊት ያወርዳሉ። ኬታሚን ግን በተለመደው መጠን ሲሰጥ በሽተኛው ራሱ እየተነፈሰ፣ ግፊቱም እንዲያውም ከፍ ብሎ፣ ሕመሙ ይጠፋለታል። በደም ሥር ከተሰጠ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃም ያቆያል። የተሰበረ አጥንት ለመመለስ፣ የተቃጠለ ገላ ለማጠብ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። በሽተኛው ዓይኑን እንደገለጠ ነው የሚደነዝዘው፤ ብሌኑ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ምራቁ ስለሚበዛ አትሮፒን እንጨምርለታለን።

ችግሩ የሚመጣው ሲነቃ ነው። ከበቅሎ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ አንድ ገበሬ ከጣሪያው ሥር ሆኖ ሲሰፋ ራሱን እንዳየ ምሎ ተገዝቶ ነግሮናል። አንዲት ወጣት ደግሞ «ለምን መለሳችሁኝ?» እያለች ስታለቅስ አመሸች። የሚጮህ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ ከአልጋ ተነስቶ ለመሮጥ የሚሞክር አለ። እኛ ዲያዜፓም ሰጥተን እናስተኛለን፤ ለቤተሰቡም «የመድኃኒቱ ነው፣ ይለቀዋል» እንላለን። ይለቀውም ነበር። ምን እንዳየ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቀጣዩ በሽተኛ በር ላይ ይጠብቃል።

ከዚያ ሙያ ግን አንድ ሕግ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፤ የአንስቴዥያ ባለሙያ ከበሽተኛው ራስጌ አይነሳም። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሊወጣ ይችላል፤ ነርሷም ዕቃ ፍለጋ ትሄዳለች። ትንፋሹን የሚቆጥረው ሰው ግን እስኪነቃ ድረስ እዚያው ነው። ኋላ በራሴ ጉዳይ የሳይኬዴሊኮችን ታሪክ ማንበብ ስጀምር በየገጹ የምጠይቀው ይህንኑ ሆነ። ራስጌው ላይ ማን ነበር?

ኬታሚን የተሠራው በ1962 ነው። ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ ኬሚስት ለፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ሲሠራ ነው ያገኘው። ኩባንያው ከዚያ በፊት ፌንሳይክሊዲን የሚባል ማደንዘዣ ሞክሮ ነበር፤ ግን በሽተኞቹ ከነቁ በኋላ ለሰዓታት አእምሯቸው እየታወከ አስቸገረ። ኬታሚን ከእሱ የተወለደ፣ አጭርና ለዘብ ያለ መድኃኒት ነው። በ1964 ኤድዋርድ ዶሚኖና ጉንተር ኮርሰን የተባሉ ሐኪሞች ሚቺጋን ውስጥ ፈቃደኛ በተባሉ እስረኞች ላይ ሞከሩት። እስረኛ ምን ያህል ፈቃደኛ ሊሆን እንደሚችል ለአንባቢ እተወዋለሁ። በ1970 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በቬትናም ጦርነት ቁስለኞችን በሜዳ ለማከም ዋለ። ከ1985 ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በ2015 ቻይና፣ በአገሯ ወጣቶች ለስካር ስለሚጠቀሙበት፣ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር ይግባ ብላ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ድሃ አገሮች ያለ ማደንዘዣ ይቀራሉ ብሎ ተቃወመ። ይህ ክርክር ለሌላው ሰው የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያ ውሳኔ ቢያልፍ ኖሮ የእኛ ሆስፒታል ምን ይዞ ያድር እንደነበር አውቃለሁ።

በጥብቅ ከተወሰደ ኬታሚን የእነ ኤልኤስዲ ዘመድ አይደለም። ኤልኤስዲ፣ እንዲሁም እንጉዳዩ ውስጥ ያለው ሳይሎሲቢን፣ የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚቀበል የአንጎል በር ላይ ነው፤ ኬታሚን ደግሞ ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ አንዱን መቀበያ ይዘጋል። ሆኖም ሰው ከገላው የራቀ እስኪመስለው ድረስ የማስተዋል ለውጥ ስለሚያመጣ፣ ሕክምናውም የሌሎቹን ፈለግ ተከትሎ ስለመጣ፣ ታሪካቸውን ሳያውቁ የእሱን መረዳት ይከብዳል።

የነዚህ ነገሮች ጥንታዊ ባለቤቶች ሐኪሞች አልነበሩም። በሜክሲኮ ዋሃካ ግዛት፣ ዋውትላ በምትባል የተራራ መንደር፣ ማሪያ ሳቢና የምትባል የማዛቴክ ሴት እንጉዳዩን በሌሊት ጸሎት ለበሽተኞች ትሰጥ ነበር። በ1955 ጎርደን ዋሰን የተባለ የኒውዮርክ የባንክ ሰው መጥቶ ከሥርዓቱ ተካፈለ፤ በ1957 ላይፍ በተባለው መጽሔት አወጣው። ከዚያ በኋላ መንደሩ በባዕድ ወጣቶች ተጥለቀለቀ። ፖሊስ መጣ፣ ጎረቤቶቿ ጠሏት፣ ቤቷ ተቃጠለ። ከዋሰን በፊት እንጉዳዩን በሽተኛ ለማዳን እንጂ እግዚአብሔርን ለማግኘት ብሎ የሚወስድ እንዳልነበረ ኋላ ተናግራለች። ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ሥርዓቱ፣ የሌሊት ጸሎቱ፣ አጠገብ የምትቀመጠዋ ሴት ቀርተው እንጉዳዩ ብቻ ተወሰደ። የስዊዙ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በ1958 ሳይሎሲቢንን ለይቶ አወጣ፤ የሳንዶዝ ኩባንያም በእንክብል ሠራው።

ሆፍማን ቀድሞም በ1938 ኤልኤስዲን ሠርቶ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ግን በ1943 ነው፤ ሆን ብሎ ሩብ ሚሊግራም ወስዶ በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ዓለም ተገለባበጠችበት። እሱ እንኳ ብቻውን አልሄደም፤ ረዳቱ ከጎኑ ነበረች፣ ሐኪምም ተጠርቶ ልብና ትንፋሹን አይቶለታል። ሳንዶዝ መድኃኒቱን ለአእምሮ ሐኪሞች ማደል ጀመረ። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ሃምፍሪ ኦስመንድና አብራም ሆፈር መጠጥ መተው ያቃታቸውን ሰዎች አከሙበት፤ ጥሩ ውጤትም እንዳገኙ ጻፉ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ሲአይኤ፣ ኤምኬ አልትራ በሚል ፕሮግራም ኤልኤስዲን ለማያውቁ ሰዎች በመጠጥ ውስጥ ይሰጥ ነበር። ፍራንክ ኦልሰን የተባለ የመንግሥት ሳይንቲስት በኅዳር 1953 እንዲህ ተሰጥቶት፣ በዘጠኝ ቀኑ ከኒውዮርክ ሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ አንዱ ጋ የሚጠብቅ ሐኪም አለ፣ ሌላው ጋ ሰላይ።

በ1962 በፈረንጆች የስቅለት ዕለት ቦስተን ውስጥ የተደረገ አንድ ሙከራም አለ። ዋልተር ፓንኬ የተባለ ሐኪም ሃያ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በጸሎት ቤት ሰብስቦ ለግማሾቹ ሳይሎሲቢን፣ ለግማሾቹ ሌላ ነገር ሰጠ። ሳይሎሲቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ታላቅ መንፈሳዊ ነገር እንደገጠማቸው ተናገሩ። ይህ ሙከራ አሁንም በየመድረኩ ይወደሳል። ከተማሪዎቹ አንዱ ግን የመሲሑን መምጣት ላውጅ ብሎ ወደ ጎዳና ወጥቶ ነበር፤ የተረጋጋውም ክሎርፕሮማዚን ተወግቶ ነው። ይህ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ አልተጻፈም፤ የታወቀው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኔ ስለነዚህ መድኃኒቶች የምስራች ብቻ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ልጅ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ወጣቱ ያለ ጠባቂ ተጠቀመ፣ መንግሥት ደነገጠ፣ በ1970 የአሜሪካ ሕግና በ1971 ዓለም አቀፉ ስምምነት ከለከሉት፤ ምርምሩም ለብዙ ዓመታት ተኛ። ኬታሚን ማደንዘዣ ስለነበር ከዚህ እገዳ ተረፈ። በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ ውስጥ ይቭጌኒ ክሩፒትስኪ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጠጥ ሱሰኞችን በኬታሚንና በምክር ያክም ነበር። በ2000 ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ አነስተኛ ጥናት አወጡ። በድብርት ለተያዙ ሰዎች እኛ ለማደንዘዝ ከምንሰጠው በጣም ያነሰ ኬታሚን፣ በኪሎ ግማሽ ሚሊግራም፣ በአርባ ደቂቃ ቀስ ብሎ በደም ሥር ሰጧቸው። ጥናቱን የጨረሱት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ድብርታቸው ግን በሳምንታት ሳይሆን በሦስት ቀን ውስጥ ቀለለ። በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በ2019 ኤስኬታሚን፣ ማለትም ኬታሚን ከተሠራባቸው፣ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ከሚመሳሰሉ ሁለት ቅንጣቶች አንዱ፣ ስፕራቫቶ በሚል ስም በአፍንጫ የሚነፋ የድብርት መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ የደረስኩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና ስላልተወሰነ ለቀብር መሄድ አልቻልኩም። የማኅበራችን ሰዎች ገና ሳይነጋ መጥተው መርዶውን ነገሩኝ፤ ድንኳን በሌለበት አፓርታማ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ሰዉ እየተፈራረቀ ምግብ ይዞ መጣ። ለቅሶው አለቀ፣ ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። እንቅልፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ምግቡ አይጣፍጠኝም፤ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሽማግሌዎቹ ስም ይጠፋብኛል። ሐዘን እንዳልሆነ የለየሁት እናቴን ማሰብ ራሱ ሲያቅተኝ ነው። ሐዘንተኛ ያስባል፤ እኔ ግን ባዶ ነበርኩ።

ሐኪሜ በመጀመሪያ ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ መጠኑ ተጨምሮ በቂ ጊዜ ቆየሁበት፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ቬንላፋክሲን ሆነ፤ ትንሽ ከአልጋ አነሳኝ፣ ከዚያ ቆመ። ጠበልም እጠመቅ ነበር። በመጨረሻ ስለ ታዘዘልኝ ኤስኬታሚን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የጠየቁኝ «የሚያሰክር ነው ወይ? ሐኪም አጠገብሽ ይሆናል ወይ?» ብለው ነው። ለሁለቱም «አዎ» አልኳቸው። «እንግዲያው ታከሚ፤ ጠበሉንም አትተዪ» አሉኝ። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያጣላ ቄስ ገጥሞት ሊሆን ይችላል። እኔ የገጠመኝን መናገሬ ነው።

በአሜሪካ ኤስኬታሚን ለእንዲህ ያለ ድብርት የሚታዘዘው ቢያንስ ሁለት የድብርት መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ጊዜ ሞክሮ ላልተሻለው ሰው ነው። ስለዚህ የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ ከነመጠኑና ከነቀኑ፣ በወረቀት ያዙ። ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ያንን ነው፤ ከኢትዮጵያ ይዛችሁት የመጣችሁት የሐኪም ማስረጃም ይቆጠራል። ተራው ኬታሚን በደም ሥር የሚሰጥባቸው ክሊኒኮችም አሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ለድብርት ተብሎ በይፋ ስላልጸደቀ ግን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዶላር ከኪስ ይወጣል።

የሕክምናው ቀን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ሕክምናው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ውኃ ይከለከላል፤ ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ነው። ጾም ለለመደ ሰው አይከብድም። ክሊኒኩ ስትደርሱ የደም ግፊት ይለካል፤ ከፍ ካለ በዚያ ቀን ላይሰጥ ይችላል። አፍንጫ ቀድሞ ይጸዳል። ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደም ይላል፤ ነርሷ እያየች ራሳችሁ በሁለቱም አፍንጫ ትነፋላችሁ። አንዱ ዕቃ 28 ሚሊግራም ይይዛል፤ መጀመሪያ ሁለት፣ በኋላ እንደ ሐኪሙ ውሳኔ ሦስት ይሆናል። በየመሐሉ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ጉሮሮ ላይ የሚወርደው ነገር መራራ ነው። አርባ ደቂቃ አካባቢ ግፊት እንደገና ይለካል፤ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት እዚያው ትቆያላችሁ። መድኃኒቱን ቤት ይዞ መሄድ አይፈቀድም። እስከ ማግስቱ፣ ጥሩ እንቅልፍ እስከሚገኝ ድረስ፣ መኪና መንዳት የለም። ለታክሲና ለጭነት ሹፌሮች ይህ ማለት በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ ሁለት የሥራ ቀን ይቀራል ማለት ነው፤ ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ቀጥሎም በየሁለት ሳምንቱ እየሆነ ይሄዳል። ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት።

በውስጡ ያለው ነገርስ? የማደንዘዣ መጠን አይደለም፤ ስማችሁን ብትጠየቁ ትመልሳላችሁ። እጄን አይቼ የእኔ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ሩቅ ሆነብኝ። የክፍሉ ግድግዳ የሰፋ መሰለኝ፤ ጊዜ ተጎተተ። መጀመሪያ ላይ ፈራሁ፤ ሙያዬ አላዳነኝም፣ እንዲያውም በሐሳቤ የራሴን ትንፋሽ መቁጠር ጀመርኩ። ነርሷ ይህን አይታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገችና «ግፊትሽ ጥሩ ነው፣ ኦክስጅንሽ ጥሩ ነው፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ለቀቅኩ። ዘፈን የሌለበት የክራር ሙዚቃ አዘጋጅቼ ነበር፤ በኋላ በተደረጉት ላይ ግን ጸጥታውን መረጥኩ፤ ክራሩ ከልክ በላይ ይጎትተኝ ነበር።

«እናትሽን አየሻት ወይ?» ይሉኛል። አላየኋትም። ያየሁት የማጀታችንን ጥግ፣ የተደረደረውን ሸክላ፣ ጭስ የጠጣውን ግድግዳ ነው፤ ሰው የለበትም። ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ያ ገበሬ ከጣሪያው ሥር ሆኖ ያየውን በዲያዜፓም ስናጠፋበት ምናልባት የምትጠየቅ ነገር ነበረች ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም ስብራቱን በሰላም ለመጨረስ ሌላ አማራጭ እንዳልነበረን አልረሳሁም። ያየሁት ነገር ነው ያዳነኝ ብዬም አላምንም። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳያይ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ሰማይ ምድሩን አይቶ ድብርቱ እንዳለ ነው። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይቀንሳል፣ ውጤቱ ግን ለቀናት ይቆያል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በጭንቀት የመነመኑት የነርቭ መገናኛዎች እንደገና ሲያቆጠቁጡ አሳይተዋል።

የእኔ ለውጥ ዝም ብሎ የመጣ ነው። አንድ ጠዋት ሽሮ ሠርቼ ስበላ ጨው እንደበዛበት አወቅኩ። ጨው መብዛቱን ማወቅ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ከምክር ባለሙያ ጋር እነጋገር ነበር፤ ስለ እናቴ ማውራት የቻልኩት በሕክምናው ማግስት ባሉት ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ አፌ ይፈታል። እንዲቻላችሁ ቀጠሮውን በዚያ አካባቢ አድርጉት። የጥገኝነት ጉዳዩ፣ ብቸኝነቱ፣ የምሽት ፈረቃው ግን እንዳለ ነው። መድኃኒቱ እነሱን አይነካም።

ስለ ውጤቱ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝ። በ2023 በወጣ ትልቅ ጥናት ኤስኬታሚን ከሌላ ድብርት መድኃኒት ጋር የወሰዱት ሰዎች ኩዌቲያፒን የተባለ ሌላ የአእምሮ መድኃኒት ከተጨመረላቸው ጋር ተነጻጸሩ። በስምንተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የተሻላቸው ከመቶ 27 ገደማ፣ በሌላው ወገን 18 ገደማ ናቸው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። መድኃኒቱን ለማጽደቅ ከተደረጉት የአጭር ጊዜ ጥናቶችም ግልጽ ልዩነት ያላሳዩ አሉ። ካልሠራላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ወይም የእምነታችሁ ማነስ አይደለም።

ለሐኪሙ ያልተነገረ ነገር አደጋ ነው። የአንጎል ደም ሥር እብጠት ወይም የአንጎል መድማት ታሪክ ያለበት ሰው ኤስኬታሚን አይወስድም። ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት፣ በራስ ወይም በቤተሰብ የነበረ ድምፅ የመስማት ወይም ከእውነታ የመራቅ ሕመም፣ የመጠጥና የሱስ ታሪክ፣ ሁሉም ይነገር። ጫት ራሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የሚቅም ሰው ስለ ጫት ነርሷ ባትጠይቀውም ይንገራት፤ አሜሪካዊቷ ነርስ ጫትን ላታውቀው ትችላለች። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ይህ ግዴታ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የከተማችሁ ሐበሻ ምስጢሬን ይሰማል ብላችሁ ከፈራችሁ በስልክ ከሌላ ግዛት የሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ስማችሁ እንዳይጠራ ማለትም ይቻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ አሜሪካ ውስጥ 988 ይደወላል።

በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት ድረስ የሚላክ ኬታሚን የሚያስተዋውቁ አሉ። እኔ አልመክርም። ግፊት የሚለካ የለም፣ ትንፋሽ የሚያይ የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት ተዋናዩ ማቲው ፔሪ በቤቱ ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ዋናው ምክንያት ኬታሚን ነበር፤ ሐኪም ባልሆነ ሰው ይወጋ ነበር። አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ፊኛውም ይጎዳል፤ ሽንት ደም እስኪሆን ድረስ የሚደርስ አለ።

እንጉዳዩን በሚመለከት፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2016 ካንሰር ላለባቸው 51 ሰዎች ሳይሎሲቢን ሰጥቶ፣ የአብዛኞቹ ጭንቀትና ድብርት ለወራት እንደቀለለ አሳይቷል። እዚያ ሁለት አጃቢዎች ሙሉ ቀን ከጎን ይቀመጣሉ። በኮሎራዶም በ2022 ሕዝብ በድምፅ አጽድቆት ፈቃድ ያላቸው ማዕከላት ተከፍተዋል። ነገር ግን ለእኛ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። በፌዴራል ሕግ እንጉዳዩ አሁንም የተከለከለ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ወሰድኩ ብሎ ማመኑ ብቻ ወረቀቱን ሊያበላሽበት ይችላል፤ ግዛቱ ፈቅዷል ማለት አያድንም። ጠበቃ ሳያማክሩ አይሞከርም። በሐኪም የታዘዘ ኤስኬታሚን ይህ ችግር የለበትም፤ እኔም እሱን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኤምዲኤምኤ የተባለውን መድኃኒት ለጦርነትና ለጥቃት ሰለባዎች የአእምሮ ጉዳት ለማስፈቀድ የቀረበውን ማመልከቻ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በ2024 ሳይቀበለው ቀርቶ ተጨማሪ ጥናት ጠይቋል። ከጋቦን ቁጥቋጦ የሚገኘው ኢቦጌይን የተባለ ሌላ ሳይኬዴሊክ የልብ ምት ያዛባል፤ ሰዎች ሞተውበታል። እሱን ሆቴል ውስጥ እንሰጣለን የሚሉትን አትስሙ።

በቅርቡ አንዲት የማውቃት ሴት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ወንድሟ ወራት ሙሉ ከቤት አልወጣ ብሏል፤ የአክስታቸው ልጅ አንስቴቲስት ነው፤ «ኬታሚን ቤት አምጥቶ ቢወጋው ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። መጠኑን የአክስታቸው ልጅ ያውቀዋል፤ በሽታውን ግን አያውቀውም። ከዚያ በፊት የተለየ ጊዜ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና አምና ለሳምንታት ሳይተኛ እያደረ፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን መኪና ገዝቶበት፣ በዓለም ላይ የሚቀድመኝ የለም ይል እንደነበር ነገረችኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ይዛው እንድትሄድ፣ ይህንንም ሳትረሳ ለሐኪሙ እንድትነግር አደረግኩ። የታወቀለት ድብርትና ከልክ ያለፈ ሞቅታ የሚፈራረቁበት ሕመም ነው፤ የታዘዘለትም ሊቲየም። አሁን ደሙን በየጊዜው እየተመረመረ ይወስዳል።